እስክታነብ ድረስ

«እስክታነብ አይነገራትም አልኩ፤ አለቀ!» አለ ወንዳወቅ፣ ቁጣውን በሹክሹክታ አፍኖ። ፀደንያን የቀሰቀሳት ግን የአባቷ ቁጣ አልነበረም፤ እሱንስ ከለመደችው ቆይታለች። የቀሰቀሳት የእናቷ ድምፅ ነው። እማዋይሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ የታነቀ ሰው የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ታሰማ ነበር። ሁለቱን መኝታ ክፍሎች የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፔልሳቶ ጣውላ ነው፤ ወዲያ ማዶ ሲያዛጉ ወዲህ ይሰማል። «ወንድሜ ሞቶ፣ የእናቴ ልጅ ሞቶ፣ አንዲት እንባ ሳላወጣ ከቤቴ ልውጣ?» አለች እማዋይሽ። «ጅጋን ስታልፊ እንደ ልብሽ ታለቅሻለሽ። አሁን ልጅቱ ትሰማለች። ዛሬ ቀኗ ነው፤ እጅጉ ራሱ ቢጠየቅ ይሄንኑ ነበር የሚለው» አለ ወንዳወቅ። ሟች የሚጠየቅ ይመስል! ፀደንያ ዞር ብላ አጠገቧ የተኛችውን ያምሮትን አየቻት። ያምሮት የእጅጉ የበኩር ልጅ ናት። አፏን ከፈት አድርጋ፣ አንድ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ፣ ለጥ ብላ ተኝታለች።

እጅጉ ትናንት ቀኑን ሙሉ የበርበሬ ማሳው ውስጥ ሲጎነበስ ነው የዋለው። ማታ ሆዴን አለ፣ ዶሮ ሳይጮህ አለፈ። የሞተ ሰው ደግሞ አይከርምም፤ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። መንደሩ ከጅጋ ወዲያ ነው፤ እስከ ጅጋ በባጃጅ፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። አሁን ቢነሱ በደንብ ይደርሳሉ፤ ያምሮት የአባቷን ሬሳ አቅፋ ታለቅሳለች፣ አፈር ሲለብስ ታያለች። ከምሳ በኋላ ቢነሱ ግን የሚደርሱት ለአፈሩ ነው። ይህን ለማስላት ፀደንያ ከአልጋዋ መነሳት እንኳ አላስፈለጋትም።

ሲነጋ ቤቱ የሌላ ጊዜ ቤት መሰለ። እማዋይሽ ክርስትና ተጠርቻለሁ ብላ ነጭ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ጥቁሩን ቀሚስ ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከትታ፣ ከላይ አንድ ድፎ ዳቦ ጭናበታለች። ነጠላዋን እንደ ደግ ቀን አጣፍታለች። ያምሮት ሻይዋን ፉት እያለች ቀና ብላ አየቻትና «እትዬ፣ ዓይንዎ ምን ነካው? በርበሬ መስሏል እኮ» አለቻት። እማዋይሽ ጢሱ ነው አለች። ምድጃው ገና አልተነደደም፤ ሻዩን ያፈላችው በኤሌክትሪክ ነው፤ ግን ያምሮት ልቧ ዛሬ ለሬዲዮ ሰዎች የምታነበው ጽሑፍ ላይ ነው፣ ወደ ምድጃው ዞራ አላየችም። እማዋይሽ ልትሰናበታት ጎንበስ ብላ ሳመቻት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ አንገቷን ይዛ ቀረች። «ኧረ እትዬ፣ ሬዲዮ ገባሁ እንጂ ገዳም ገባሁ አልወጣኝም!» ብላ ያምሮት ሳቀች። ወንዳወቅ ጉሮሮውን ጠረገ። እማዋይሽ ለቀቀቻትና ዞር ሳትል ወጣች፤ ከበሩ ውጪ ያለው ጉድጓድ ላይ እግሯ ተሰናክሎ ስትንገዳገድ ፀደንያ በመስኮት አየች።

ወንዳወቅ ልጁን ፊቴን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ቧንቧ ጠራት። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያስረክብና ሲረከብ የኖረ፣ ነገር ሁሉ በተራው ካልሄደ የሚታመም ሰው ነው። የሚስቱን የወንድም ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቤቱ አስቀምጦ፣ ከልጁ ሳይለይ አብልቶ አስተምሯል። «ሰምተሻል አይደል?» አላት፣ ውኃውን ከፍቶ ድምፁን እየሸፈነ። «አፍሽን ይዘሽ ዋይ። ዛሬ ብትሄድ ማን ይመልሳታል? እናቷ የለች፣ ሁለት ታናናሾች አሉ፣ መሬቱ አለ። ሠልስቱን ልዋል ትላለች፣ ከዚያ አርባውን፤ ከዚያ ዘመዱ ተሰብስቦ ይድራታል፣ ይኸው ነው። ዛሬ ካነበበችና ከተመረጠች ግን ቢያንስ የሚጠብቃት ቦታ ይኖራል። ከመድረክ ስትወርድ እኔው ራሴ ባጃጅ ይዤ እወስዳታለሁ።» «ቀብሩስ አባዬ?» አለች ፀደንያ። ወንዳወቅ ውኃውን ዘጋው። «ቀብር ለሟች ምን ያደርጋል፤ የኔ ልጅ» አለና ፊቱን ሳይታጠብ ገባ። ክፋቱ፣ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ፀደንያ ለንባቡ እንዲሆናት ብላ አዲሱን ጥቁር ጫማዋን ለያምሮት አዋሰቻት። ሌላ ምን ታድርግላት? ያምሮት ጫማውን አጥልቃ ወለሉ ላይ እንደ ወታደር ረገጥ ረገጥ አደረገችና «ጠበበኝ፤ ግን ለክብሬ ስል እሞታለሁ» አለች። ፀደንያ ሞት የሚለውን ቃል ስትሰማ የያዘችውን ደብተር ጣለችው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲያነሱ ግንባራቸው ተጋጨ፤ ያምሮት እንደገና ሳቀች። እግዚኦ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ያልሳቀችው ነገር አልነበረም።

ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ጥቅምት ገና ጭቃውን አላደረቀውም። ባጃጆቹ የፈረስ ጋሪዎቹን ይጋፋሉ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ባጃጆቹን ይሳደባሉ፤ የቲማቲም ነጋዴዋ ኪሎውን ዛሬም ጨምራ ሰው ከቧታል፣ ሁሉም ያማርራል፣ ሁሉም ይገዛል። ያምሮት መንገዱን ሙሉ ንባቧን ትለማመድ ነበር፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ጽሑፉ ስለ በርበሬ ነው። የአካባቢው በርበሬ ዘንድሮ ሥሩ እየበሰበሰ ጠውልጎ ስለ መድረቁ፣ አርሶ አደሩም መድኃኒት እንኳ የሚጠይቀው ሰው ስለ ማጣቱ። ለመስቀል አገር ቤት ወርዳ ነው ያጠናቀረችው። አባቷን አነጋግራ፣ ያለውን ቃል በቃል ይዛ መጣች። «ከተመረጥኩ ቅዳሜ ሄጄ አባዬ ፊት ቆሜ ነው የማነብለት። ‹አርሶ አደር እጅጉ እንደገለጹት› ስል አንቱ መባሉን ሰምቶ እንዴት እንደሚኮራ አስቢው! አንቺ፣ ምነው አፍሽ ተለጎመ?» አለቻት። ፀደንያ ቆመች። አሁን ልትነግራት ነው። «ያምሮት…» አለች። ወዲያው የአባቷ ፊት፣ ያ ያልታጠበ ፊት መጣባት፤ አርባው፣ መሬቱ፣ ባሉ። «ምን?» «ጫማው… ጭቃ እንዳይነካው።» ያምሮት ጎንበስ ብላ ጫማውን በሶፍት ጠረገችው።

ሁለቱም የሚማሩትና ይህን ንባብ ያመጣው የምርጫ ትምህርት የመጣው አምና ነው። ከመደበኛው ጎን አንድ የምርጫ ትምህርት ውሰዱ ሲባል ልጁ ሁሉ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ጤና ሮጠ። ጋዜጠኝነትና ጽሑፍ የሚለው ላይ ዘጠኝ ልጆች ተመዘገቡ፤ ያውም ሁለቱ ተሳስተው ነው። ግማሹ ትምህርት በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይሰጣል። መጽሐፉ ዛሬም አልደረሰም፤ ቲቸር አሸናፊ ስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ በጣቱ እየገፋ ሰሌዳ ላይ ይገለብጥላቸዋል፣ ስልኩ ሲዘጋ ትምህርቱም ይዘጋል። ሌሎቹ ተማሪዎች «ወሬኞቹ መጡ» እያሉ ያበሽቋቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከዚህ ክፍል አንድ ፍሬ ካላየሁ በሁለተኛው መንፈቅ ከግብርና ጋር እቀላቅለዋለሁ ብሎ ከዛተ ሰንብቷል። ታዲያ ከባሕር ዳር የሬዲዮ ሰዎች መጥተው፣ ልጆቹን ሲያነቡ ሰምተው፣ አንድ ሰው ለሥልጠና ይወስዳሉ፤ ሠልጥኖም የአካባቢው ዘጋቢ ይሆናል ሲባል፣ ቲቸር አሸናፊ ሦስት ቀን ሙሉ ጺሙን ሳይላጭ ሲያለማምዳቸው ከረመ። ተስፋው ያምሮት እንደሆነች ራሳቸው ልጆቹም ያውቃሉ።

ፀደንያ የሄደችው ወደ እሱ ነው። ሌላ ማን አላት? «ዜና ማለት ለባለቤቱ በሰዓቱ የሚደርስ እውነት ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚነገር እውነት ወሬ ነው» ብሎ ያስተማራቸው እሱ ነው፤ በነጭ ጠመኔ ጽፎ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮበት። አዳራሹ በር ላይ ወንበር ሲደረድር አገኘችው። «ቲቸር፣ የያምሮት አባት…» «አውቃለሁ» አለ፣ ወንበሩን ሳይለቅ። «አባትሽ ጠዋት ደውለው ነግረውኛል።» ፀደንያ የምትሰማውን አላመነችም። «እና ዝም ሊሉ ነው? ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ በሰዓቱ የሚደርስ እውነት ያሉት?» ቲቸር አሸናፊ የወንበሩን እግር አስተካከለ፤ የተስተካከለውን መልሶ አጣመመው። «እሱ ትምህርት ነው። ይሄ ሰው ነው» አለ። «አሁን ብንነግራት ሁለቱንም ታጣለች። አባቷን አጥታለች። ይሄንንም ታጣ?» ከዚያ ጨምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «በመጀመሪያ አስነብባታለሁ። ቶሎ ትጨርሳለች» አለ። ፀደንያም ያንን ተስፋ ይዛ ገባች። በመጀመሪያ ካነበበች ይደርሳሉ። አዎ፣ ይደርሳሉ።

የሬዲዮ ሰዎቹ ግን ዘግይተው መጡ። መንገድ ላይ ኬላ አቆይቷቸው ነው፤ ማን ላይ ይፈረዳል። ሲመጡም ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረገ፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ፣ የትምህርት ቤቱ አመሠራረት፣ የአጥሩ ችግር፣ የመጸዳጃ ቤቱ ችግር። አቤት የአንዳንድ ሰው አፍ! ፀደንያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እንዳታይ አንገቷን ደፋች፤ ግን ጆሮዋ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማዋል። በንግግሩ መጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ምርጣችንን ለመጨረሻ እናቆይ ብሎ በሳቅ አወጀ። ቲቸር አሸናፊ ሊናገር ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ጨንቆት መልሶ ተቀመጠ። ስምንት ልጆች አነበቡ። ከስምንቱ አንዷ ፀደንያ ናት፤ ያነበበችው ስለ ውኃ መቋረጥ ነበር፣ ምን እንዳነበበች ግን አታውቅም። እንግሊዝኛው ላይ ሁለት መስመር ዘልላ ልጆቹ ሲያጉረመርሙ ነው የነቃችው። ስትወርድ ያምሮት እጇን ያዘችና «አይዞሽ፣ እኔ እበቀልልሻለሁ» ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች። እጇ ሞቃት ነበር።

ከዚያ ያምሮት ወጣች። ምን ይባላል? አንዳንድ ሰው ሲናገር ሌላው የሚተነፍሰውን ይረሳል። እንግሊዝኛውን ስትጨርስ የሬዲዮዋ ሴት፣ ወይዘሮ ህይወት፣ ብዕሯን አስቀምጣ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ወደ አማርኛው ስትገባ ደግሞ አዳራሹ አባቷን ሰማ፤ ያምሮት ድምፁን ሳትቀልድበት፣ አነጋገሩን ሳታስተካክለው አመጣችው። «አርሶ አደር እጅጉ እንደገለጹት፣ ‹ይሄ በርበሬ መታመም የተማረው ከሰው ነው። ቀን አንገቱን ደፍቶ ያስለቅስሃል፤ ማታ ቀና ብሎ ደህና ነኝ ይልሃል። አምነኸው ተኝተህ ስትነሳ የለም።›» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛውን መታ፤ የሬዲዮ ሰዎቹ ሹፌር እንኳ በር ላይ ቆሞ «ይህስ ባለ ቅኔ ነው!» አለ። ፀደንያ ብቻ ወደ በሩ ታይ ነበር። እንደ እብድ፣ በቃ አለቀ፣ አሁን ትወርዳለች፣ አሁን እንሮጣለን ትላለች በልቧ።

ወይዘሮ ህይወት ግን ሰው አንብቦ ሲጨርስ ዝም ብላ የምታሳልፍ ዓይነት ሴት አልነበረችም። ክፉም አይደለችም፤ ሥራዋን የምታውቅ ናት። «በጣም ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ በጣም ጥሩ ሲሆን እፈራለሁ» አለች። «አምና አንድ ተወዳዳሪ ጭራሽ የሌሉ ሽማግሌ ፈጥሮ አናግሮልን፣ አየር ላይ ካዋልነው በኋላ ነው ያፈርነው። እኚህ ሰው የት ይገኛሉ?» ያምሮት ፈገግ አለች። «አባቴ ነው። እጅጉ የአባቴ ስም ነው። የቤት ሰው መጠየቅ ጥሩ እንዳልሆነ ተምረናል፤ ግን በመንደሩ ቀድሞ የታመመበት የእሱ ማሳ ስለሆነ ነው።» «ይሁን። ጎረቤቶቹስ? ስንት ማሳ ተጎድቷል? እሱን ጽሑፍሽ ውስጥ አላገኘሁትም።» ያምሮት ጥቂት አሰበችና «አሁኑኑ ልጠይቀው እችላለሁ» አለች።

ቲቸር አሸናፊ እሳት እንደነካው ሰው ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አያስፈልግም! ወይዘሮ ህይወት፣ አይደወል፤ ይቅርታ፣ ጊዜያችሁንም…» ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችው። ያን አስተያየት ፀደንያ መቼም አትረሳውም፤ አዳራሹም ጥርጣሬዋ ገብቶታል። «ለምን አይደወልም?» ቲቸር አሸናፊ ላቡ በጺሙ ላይ ወረደ። ልጅቱ መድረክ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ማይክ ይዛ መርዶ ልትሰማ ነው፤ ከዚያ የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ታየው። «ንግግሩ… እውነተኛ አይደለም» አለ። «ለልምምድ ብዬ እኔ ነኝ ጽፌ የሰጠኋት።»

ርዕሰ መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወይዘሮ ህይወት ብዕሯን አንስታ አንድ ነገር ሰረዘች። ያምሮት መጀመሪያ የቀለደ መሰላት፤ ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ደም እያጣ ሄደ። «ቲቸር? አባዬ ነው እኮ ያለው። ቃል በቃል ነው የያዝኩት። እርስዎ ምን ብለው…» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ፀደንያ እግሯ ራሱ አቆማት። «ያምሮት፣ ተይ! በእመቤቴ፣ አትደውዪ!» ብላ ጮኸች። ያምሮት ቀና ብላ አየቻት። «አንቺም?» አለች። ደወለች፤ ስልኩን ድምፁን ለቃ ማይኩ አጠገብ ያዘችው፤ እልህ ይዟታል፣ አባቷ ለዚህ ሁሉ ሰው ራሱ እንዲናገርላት ነው።

ጠራ። ረጅም ጠራ። ከዚያ አንዲት የማትታወቅ ሴት አነሳችው። «አቤት? ማነው?» ከሴትዮዋ ኋላ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። «እኔ ነኝ፤ ያምሮት ነኝ። አባዬን አቅርቢልኝ» አለች ያምሮት። «ውይ፣ ያምሮት! የት ደረሳችሁ? ካህናቱ እኮ ቆመው ቀሩ፤ አንቺን ብለን ነው እስካሁን የቆየነው…» ሴትዮዋ አፏን እንደያዘች በስልኩ ውስጥ ታወቀ። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለች ተንተባትባ። ግን ከኋላዋ ያለው ድምፅ የሚሸፈን አልነበረም፤ አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች፤ አዳራሹ ሁሉ በሁለቱ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሰማው፤

«ወንድሜ እጅጉ፣ የናቴ ልጅ፣
ማን ይከፍትልኛል ያባቴን ደጅ?»

እማዋይሽ ናት። ክርስትና የሄደችው እማዋይሽ። ስልኩ ተዘጋ።

ወይዘሮ ህይወት መቅጃዋን በዝግታ አጠፋች። ያምሮት አልጮኸችም፣ አልወደቀችም፤ ልጆቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘርግተው የሚይዙት አጥተው ቆሙ። ከመድረኩ ወርዳ ፀደንያ ፊት ቆመች። «መቼ ሰማሽ?» አለቻት። «ሌሊት።» «ሌሊት» አለች ያምሮት፣ እንደ አዲስ ቃል። «ጫማሽን ስታውሺኝ ታውቂ ነበር?» ፀደንያ ምን ብላ ትመልስ! አባቴ ነው የከለከለኝ ልትል ነው? ለአንቺ ብዬ ነው ልትል ነው? ቲቸር አሸናፊ «ያምሮት፣ የኔ ልጅ…» እያለ ሲመጣ፣ ያምሮት እሱን እንደ ግድግዳ አልፋው ወጣች።

ወንዳወቅን ሳይጠብቁ፣ ያገኙት ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ጅጋ ሄዱ። ሹፌሩ ከታሪፍ በላይ ጠየቀ፣ ፀደንያ ያላትን ሁሉ ሰጠችው። እዚህም ኬላ ላይ ቆሙ፤ አንድ አይሱዙ ከነጭነቱ እየተፈተሸ ነው፣ ጆንያ ይወርዳል፣ ጆንያ ይወጣል። ፀደንያ ወርዳ ለማነች፤ ሬሳ እየጠበቀን ነው ብላ ለማነች። ተራችሁን ጠብቁ ተባሉ። ያምሮት ከባጃጁ አልወረደችም፤ ፊት ለፊት ያለውን የሹፌሩን የማርያም ሥዕል ስታይ ቆየች። ጅጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ከዚያ የእግሩን መንገድ ያምሮት ፊት ፊት፣ ፀደንያ ከኋላ፣ ግማሽ ሩጫ ሄዱ። ጭቃው የሰው ጫማ ነው ብሎ አይምርም፤ ያምሮት አንዱ ጭቃው ውስጥ ሲቀርባት ሌላውንም አውልቃ ትታው ሄደች። ፀደንያ አንስታ ያዘቻቸው። ይቅር በዪኝ ልትላት ትፈልጋለች፤ ግን ይቅር በዪኝ ብትላት ዞር ብላ የምታያት ትመስላታለች፤ መታየቱን ፈራች። ደግሞም ገና አልመሸም፣ አንቺን ብለን ነው የቆየነው ብለዋል፣ ምናልባት ጠብቀው ይሆናል እያለች በልቧ ትማልዳለች።

ከወንዙ ማዶ ያለው አቀበት ላይ ሰዎቹን አዩዋቸው። ብዙ ናቸው፤ ወደ እነሱ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የወንዶቹ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት በቀይ አፈር ተለውሷል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከኋላቸው ነው። ፀደንያ እዚያው መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስለ ሁሉም ነገር፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ አጥር፣ ስለ ኬላው፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ገዛ ምላሷ፣ ጮኻ ማልቀስ አማራት፤ ግን ያምሮት ሳታለቅስ እሷ የምታለቅስበት ምን መብት አላት?

ሰዎቹ ያምሮትን ሲያዩ ቆሙ። አካፋ የተሸከመ አንድ ጎልማሳ አካፋውን ቶሎ ወደ ኋላው ሸሸገው። ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው ሊያቃኑ ተጣደፉ፤ እማዋይሽን ሁለቱ ከኋላ ደበቋት። ስልኩን ያነሳችው ሴት የነገረቻቸው ነገር የለም፤ ምናልባት አፍራ፣ ምናልባት ፈርታ። እነሱ የሚያውቁት ልጅቱ ሳትሰማ መምጣቷን ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሞት በአንድ ጊዜ አይነገርም፤ አዋቂ ሰው ቀርቦ፣ አስቀምጦ፣ ከሩቅ ጀምሮ ነው የሚያደርሰው። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ እጅጉን ቀብረው ገና ያለቀለቁትን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው፣ ቀስ እያሉ መጡ። የሰፈሩ የቅኔ መምህር፣ ያምሮትን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው።

«ደህና መጣሽ ልጄ» አሉ። «እስኪ አረፍ በይ። ደክሞሻል። ውኃ አምጡላት።» ያምሮት እርጥብ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ባዶ እግሯን አጥፋ፣ ቀና ብላ አየቻቸው። መሪጌታ ተጎንብሰው ከፊቷ ቁጢጥ አሉ። «እንግዲህ አባትሽን… ትናንት ማታ ትንሽ አመም አድርጎት ነበር» አሉ።

ፀደንያ ድንጋዩ ላይ ሆና አንገቷን ሰበረች። አሁን ትጮህባቸዋለች፤ ሁሉንም አውቃለሁ ትላቸዋለች፤ ማይክ ላይ የሰማችውን፣ እማዋይሽን፣ የተደበቀውን አካፋ ትነግራቸዋለች አለች በልቧ። መጮህም ይገባታል።

«ምኑን አመመው?» አለች ያምሮት።

«ሆዱን ነው ልጄ።»

«አሁንስ? ተሻለው?»

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ስንቱን መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ተብለው ግን አያውቁም። ከኋላቸው ካሉት አንዷ ሴት ሳግ አመለጣት፣ ሌላዋ አፏን ያዘችላት። ሽማግሌው የልጅቱን ዓይን አዩ፤ ያኔ ሁሉንም እንደምታውቅ ገባቸው። ሊናገሩት የነበረውን ሊያሳጥሩት አፋቸውን ከፈቱ። ያምሮት እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ፈልጋ ያዘች፤ አፈሩ ገና ከጥፍራቸው ስር አልወጣም።

«ቀስ ብለው ይንገሩኝ፣ የኔታ» አለቻቸው። «በእግዚአብሔር፣ አይቸኩሉ።»